ኒው ዮርክ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የተባሉት ዘፋኞች እነማን ነበሩ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ። የድሮ የአሜሪካ ቴአትር ማስታወቂያዎችን ፎቶ ሳገላብጥ «ኢትዮፒያን ሴሬናደርስ» የሚል የሙዚቃ ቡድን ስም አየሁ። ዘመኑ 1840ዎቹ ነው። ያኔ ሀበሻ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ይዘፍን ነበር እንዴ? ለጓደኞቼ ልልክላቸው ስል ጥርጣሬ ገባኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠረጠርሽ። ሰዎቹ ሀበሻ አልነበሩም፤ ጥቁርም አልነበሩም። ነጭ አሜሪካውያን ናቸው። የጠርሙስ ቡሽ አቃጥለው ፊታቸውን በጥላሸቱ ይቀቡና፣ ከንፈራቸውን አጋነው ስለው መድረክ ይወጣሉ፤ ከዚያ በባርነት የሚማቅቀውን ሕዝብ አነጋገርና ጭፈራ እያጣመሙ ተመልካቹን ያስቃሉ። ይህ ሚንስትሬል ሾው የሚባለው ትርኢት ነው። በዘመኑ እንግሊዝኛ «ኢትዮጵያዊ» ማንኛውንም ጥቁር ሰው ይጨምር ስለነበር ስማችንን ወሰዱት እንጂ ስለ እኛ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ያየሽው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1844 ዋይት ሐውስ ገብቶ ለፕሬዚዳንት ጆን ታይለር ተጫውቷል (ሌሎቹም ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው)። አጤ ምኒልክ የተወለዱት በዚያው ዓመት ነው።

ጅማሬው ትንሽ ይቀድማል። ቶማስ ራይስ የሚባል ነጭ ተዋናይ «ጂም ክሮው» የሚል፣ ልብሱ የተቀዳደደ ጥቁር ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። በ1832 ኒው ዮርክ ባወሪ ቴአትር ሲያቀርበው ሕዝቡ አበደለት። በ1843 አራት ሰዎች ቨርጂኒያ ሚንስትሬልስ ብለው ተሰባሰቡ፦ አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ ባንጆ የሚባል የክር መሣሪያ፣ አንዱ ታምቡሪን የሚባል ትንሽ የእጅ ከበሮ፣ አንዱ ደግሞ ጣት መሐል ተይዞ የሚንኳኳ አጥንት። ባንጆ እንኳ ሥሩ አፍሪካ ነው። ከ1847 ጀምሮ የኤድዊን ክሪስቲ ቡድን እዚያው ከተማ ሜካኒክስ አዳራሽን ይዞ ለዓመታት ሠራ። ተጫዋቾቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። መሐል ላይ ቃላት የሚያሳምር መድረክ መሪ አለ፤ ዳርና ዳር ታምቦና ቦንስ የሚባሉ ሁለት ቀልደኞች እሱን ያሾፉበታል። ቀጥሎ ልዩ ልዩ ትርኢትና የንግግር ቀልድ ይመጣል። መዝጊያው አጭር ድራማ ነው፤ ብዙ ጊዜ እርሻ ላይ በደስታ የሚጨፍሩ ባሮችን ያሳያል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ደቡብ ላይ እናት ከልጇ ተነጥላ ትሸጣለች፣ ከተሜው ግን ቲኬት ገዝቶ ገብቶ «ባሮቹ ደስተኞች ናቸው» የሚል ዘፈን እያፏጨ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ራሱ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ዝም አላለም። በ1848 በጋዜጣው ላይ፣ እነዚህ ሰዎች ተፈጥሮ ያልሰጠቻቸውን የቆዳ ቀለም ሰርቀውን ገንዘብ ይሠሩበታል ብሎ ጻፈባቸው።

«አዝማሪም እኮ ሰው ላይ ይቀልዳል» የሚል አይጠፋም። አዝማሪ ቤት የተቀለደበት ሰው ግን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ይስቃል፣ ግጥም ይቀበላል፣ ከፈለገም መልሶ ይነካዋል። በሚንስትሬል ሾው ግን የሚሳቅበት ሰው መልስ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረውም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ካበቃ በኋላ ጥቁሮች የራሳቸውን ቡድኖች አቋቋሙ። ሥራው እንጀራ ነበር። ተመልካቹ ግን ያንኑ ጥላሸት ስለለመደ ብዙዎቹ ጥቁር ሆነው ሳለ ጥቁር ተቀቡ። ባሃማስ የተወለደው በርት ዊሊያምስ፣ እንደዚያ ያለ ባለተሰጥኦ፣ አብዛኛውን የመድረክ ዕድሜውን ከዚያ ቀለም ጋር ነው የሠራው። እሱና የመድረክ ጓደኛው ጆርጅ ዎከር በ1906 ኒው ዮርክ ላይ «አቢሲኒያ» የሚል ሙዚቃዊ ቴአትር አቅርበዋል፤ ምኒልክም ገጸ ባሕርይ ሆነው አሉበት። የዚህኛው ስም በእርግጥ የእኛን አገር የሚል ነው፤ ዓድዋ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ለጓደኞችሽ የምትልኪው ካስፈለገሽ ይሄኛውን ላኪላቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የምንሰባሰብ የድራማ ክበብ ልጆች ነን። በምናዘጋጀው ኮሜዲ አንዱ ልጅ ከሰል ተቀብቶ ከገጠር የመጣ ዘበኛ እንዲሆን ታስቧል። ግማሾቻችን ደስ አላለንም። ሌሎቹ «ያ የአሜሪካ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይላሉ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ከሰሉን ተዉት። ጠቆር ያለን ሰው ለመስደቢያ የተዘጋጀ ቃል እኛም አገር ሞልቷል፣ ባርነትን በአዋጅ የሻርነውም እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ስለዚህ በደንብ ይመለከተናል። «ሳቅ ብቻ ነው» የምትሉም ከሆነ፣ የዚያ የራይስ ቀልድ ስም፣ «ጂም ክሮው»፣ ኋላ ጥቁርን ከነጭ ለለዩት ሕጎች መጠሪያ ሆነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለያየቱን ሕጋዊ ያደረገው በዓድዋ ዓመት፣ በ1896 ነው፤ እስከ 1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ድረስም ሰው አንገላቷል። ዘበኛውን ግን አታውጡት። በደንብ ጻፉት፦ ከግቢው ባለቤት ጋር ይከራከር፣ ነገር ይጣል፣ ነገር ያንሳ። ከዚያ ጥሩ ተዋናይ ፈልጋችሁ በራሱ መልክ ያጫውተው። የተጠራጠራችሁት ልጆችም ልምምዱ ላይ ሐሳባችሁን ተናገሩ፤ ትዕይንት ገና በጽሑፍ እያለ ነው የሚስተካከለው።