የሐረጎ ዳገትና የካናዳ በረዶ

በዚህ ወር ስለ መኪናና ሞተር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ስለዚህ ሰፋ ያለውን ቦታ እሱ ወስዷል፤ ሌሎቻችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። በብርዱ ወራት ሬቭልስቶክ ወደሚባል ቦታ እየሄደ ተራራ ላይ የበረዶ ሞተር ይነዳል። ስኪ-ዱ የሚባል ሥሪት ነው፤ 850 ሲሲ፣ ባለ ቱርቦ፣ የ2020 ሞዴል። ከሰው የገዛው ነው። ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶች ላይኛው 21፣ ታችኛው 49 ናቸው። ጥልቅ በረዶ ላይ ችንጋ (የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈውን የጎማ ቀበቶ) እየበላ አስቸግሮታል፤ ዘንድሮ ብቻ ሁለት ቀይሯል። ጓደኞቹ «ላዩን ወደ 19 አውርደው፣ ኮምፒውተሩንም አስከፍተህ ቱርቦውን አስጨምር» ይሉታል። እሱ ደግሞ «አንተ መካኒክ ነህ፣ ንገረኝ» እያለ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። እኔም ጉጉፍቱ ላይ ማለዳ መስታወት ከሚይዘው ውርጭ በቀር ሌላ በረዶ አላውቅም። ግን ከደብዳቤህ ጋር የላክኸውን ፎቶ አየሁት። ችንጋ አለው፣ ችንጋው የሚዞርበት ፑሊ አለው፣ ካቴና አለው፣ ቱርቦ አለው። እነዚህን ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ 30 ዓመት ስፈታቸው ኖሬአለሁ።

መጀመሪያ ስለ አየሩ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በመሀል ያለው፣ የሐረጎን ዳገት ጨምሮ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግን የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ኮምቦልቻ ስትደርስ ወደ 80 በመቶ፣ ደሴ ስትደርስ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ፒያሳ ሲገባ የጉልበቱን ሩብ ባሕሩ ዳር ጥሎት ነው የሚገባው። የወንድምህ ሞተር ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ፋብሪካው 165 ፈረስ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ይህንንም እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለትም እስከ 2,438 ሜትር ድረስ አይቀንስም ይላል። ይኸውልህ፣ ደሴ ጫፍ ላይ ደረስን ማለት ነው። ቱርቦው የጎደለውን አየር እየሞላ ስለሚሄድ ተራራው ላይ ጉልበት አላነሰውም።

ታዲያ ችንጋውን የሚበላው ምንድን ነው? እዚህ ላይ የአጎቴን ወፍጮ ላንሳልህ። ልጅ ሆኜ እላላክለት ነበር። ሰው እርጥብ ማሽላ ይዞ ሲመጣ ድንጋዩ ይከብደዋል፣ ሞተሩ ግን ዱብ ዱቡን አይቀንስም። ያን ጊዜ ችንጋው ትንሿ ፑሊ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። መጀመሪያ ይጮኻል። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ዱቄቱን አልፎ በር ላይ ወረፋ የያዙት ሴቶች ጋ ይደርሳል። አጎቴ ሞተሩን ነክቶት አያውቅም። የሚቀንሰው የሚገባውን እህል ነበር።

የበረዶ ሞተርም እንደ እኔና እንደ አንተ ማርሽ አይቀይርም። ሁለት ፑሊ አለው፤ ችንጋው እንደ ፍጥነቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቪትዝ ፈትተህ ከሆነ ታውቀዋለህ። ሲነሳ ችንጋው የፊተኛውን ፑሊ ታች፣ ጠባቡን ቦታ ይይዛል። ጥልቅ በረዶ ላይ ቀስ ብለህ ቀጥ ያለ ዳገት በሙሉ ጋዝ ስትወጣ ከዚያ ጠባብ ቦታ አይወጣም። 165 ፈረስ በዚያች ትንሽ ክብ ላይ ሲጎትት ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይበጠሳል። እርጥብ ማሽላ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥርሱ። 49 ለ21 ሲካፈል 2.33 ነው። 49 ለ19 ደግሞ 2.58። መጎተቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ጫፍ ፍጥነቱ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ጓደኞቹ ስለ ጥርሱ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እነሱ «ጉልበት ይጨምራል» ይላሉ። ጉልበት ሞልቶታል። ጥቅሙ ለችንጋው ነው። ጥርሱ ሲወርድ በዚያው የዳገት ፍጥነት ችንጋው የፊተኛው ፑሊ ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል፣ ሰፋ ያለ ክብ ይይዛል። ወንድምህ በዛፍ መሀል ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ 19 ይሁንለት። ሜዳ ላይ ከጓደኛ ጋር እሽቅድድም የሚወድ ከሆነ 21ዱን አይንካ። የሰው ጠባይ ሳትጠይቅ ጥርስ አትምረጥ። ሁለት ጥርስ ሲቀነስ ካቴናው ይረዝምበት ይሆናልና እሱንም ይይ።

ጥርሱ ከተቀየረ በኋላ የፊተኛው ፑሊ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ይታያሉ። ሞተሩ ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየተወረወሩ ፑሊውን የሚጨብጡት እነሱ ናቸው። ሲከብዱ ዙሩን ያወርዱታል፣ ሲቀልሉ ያስወጡታል። ጥርስ ሲወርድ ሞተሩ ስለሚቀለው ዙሩ ከልኩ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዳገት ይምረጥ። በዚያው ዳገት፣ በዚያው በረዶ፣ ሙሉ ጋዝ ይዞ ዙሩን ያንብብ። መጽሐፉ ከሚለው በላይ ከሆነ ጥቂት ግራም ይጨምር፣ በታች ከሆነ ይቀንስ። አንድ ነገር ቀይሮ ይሞክር፣ ከዚያ ሌላውን። ሦስት ነገር ባንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም፤ ይህን እናንተ ወጣት መካኒኮች አትሰሙኝም እንጂ ስንቴ ብያለሁ። ቱርቦ የሌላቸው ጓደኞቹ ከፍ ሲሉ ክብደት ያቀላሉ፣ ሞተራቸው ስለሚደክም። የእሱ ስለማይደክም እነሱን አይቶ አያቅልል።

ቱርቦውን ማስጨመር ግን፣ በፍጹም በለው። ለምን እንደምል ልንገርህ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የቅጥቅጥ ባለቤት መጣ። «ሐረጎ ላይ ጉልበት አጣች፣ ናፍታውን ክፈትላት» አለኝ። ከፈትኩላት። አንድ ሳምንት አመሰገነኝ። በሁለተኛው ሳምንት መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጣች፤ አንዱ ፒስቶን አናቱ ቀልጦ ነበር። ከዚያ ነው ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን የጎማ ቱቦ የፈታሁት። ከማሰሪያው ሥር፣ ከታች በኩል፣ የጥፍር ርዝመት ያላት ስንጥቅ ነበረች። ዙሪያዋን ዘይትና አቧራ ጥቁር ከንፈር ሠርቶባት ነበር። አየሩ በዚያች ከንፈር ሲወጣ ኖሯል። ጎድሎ የነበረው አየር ነው፣ እኔ ግን ናፍታ ጨመርኩበት። የፒስቶኑን ዋጋ ከደመወዜ ለአምስት ወር ከፈልኩ። አሠሪዬ እንኳን ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

የናፍታ ሞተር ነዳጅ ሲበዛበት ይግላል። የወንድምህ ቤንዚን ነው፤ እሱን የሚገድለው ነዳጅ ማነስ ነው። ብርዱን አስብ። ከ20 ዲግሪ ወደ ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ አየሩ በ16 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ያንኑ ያህል ነዳጅ ይፈልጋል። ቱርቦ ጨምረህ ነዳጁ ካልተከተለ ወይም ቤንዚኑ ተራ ከሆነ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስቶን ይበሳል። ፋብሪካው ይህን ሁሉ በኮምፒውተሩ አስልቶታል። ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት የቱርቦውን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣቱ ይዳስስ። ሁለቱ ፑሊዎች መስመር መያዛቸውንም ይለካ፤ ከሰው የተገዛ ስለሆነ ችንጋ የሚበላው ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሆኜ አልምልልህም።

ስለ በረዶ ናዳውም ጠይቀው። የሚረዳዳ ጓደኛ፣ አካፋ፣ መፈለጊያ ዘንግና ምልክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ሳይዝ እንዳይወጣ። ቱርቦ ያለው ሞተር ሰውን ከዚህ በፊት ካልደረሰበት ቦታ ያደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። በሐረጎ ቁልቁለት መኪናዬን ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጌ ብወርድ ናፍታ አይቆጥብልኝም? ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ለ40 ዓመት እንዲህ ነው የወረድኩት።

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜዎን አላህ ይጨምርልዎ። ማርሽ ውስጥ ሆነው ጋዙን ሲለቁት ፖምፓው ናፍታ መስጠቱን ያቆማል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ቆጠብኩ ሲሉ እያወጡ ነው። ፍሬኑ ሲግል ደግሞ እንኳን ለ40 ዓመት ለ40 ሰኮንድም አይታመንም። እባክዎ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሞተር ከኮምቦልቻ ደሴ ዕቃ አመላልሳለሁ። 50 ኪሎ ከጫንኩ ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትቀራለች። ሦስተኛ ስገባ ትሞታለች። ካንዴላዋም ቶሎ ይጠቁራል። ጥርስ ልቀይር?

መልስ፦ ቀይር፣ ግን የፊቱን። ፊት 15፣ ኋላ 42 ከሆነ 2.8 ነው። ፊቱን 14 ብታደርገው 3 ይሆናል፤ 7 በመቶ ታገኛለህ። የኋላውን ቀይረህ ያንኑ ለማግኘት ሦስት ጥርስ መጨመር አለብህ፣ ዋጋውም ካቴናውም ይለያያል። ሜዳ ላይ ትንሽ ትጮኻለች፤ ሐርቡ ከተማ ድረስ ካልሄድክ አይሰማህም። ካንዴላው የሚጠቁረው ካርቡራተሩ የተስተካከለው ለቆላ ስለሆነ ነው፤ ደሴ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው። ብርሃን ካላሳለፈ ካርቡራተሩን አትንካው። ጥርሱን ለመግዛት ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ የመሀል ቀዳዳው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ሻጩ ደግሞ «ይገባል» ማለት አይከብደውም።