«ከላይ ነው» ሲሏችሁ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ባንክ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግማሹን በብድር ክፍል፣ ግማሹን በኦዲት። ከእናንተ አካውንቲንግ ወይም ሕግ ተምረው ሥራ የጀመሩት ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ትልልቆቹን ማን ይነካቸዋል?»

በእናንተ ዕድሜ እኔም ይህንኑ እጠይቅ ነበር። መልስ ቢጤ ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ያውም ከአይስላንድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥራቸው።

አገሪቱ ትንሽ ናት። በ2008 ሕዝቧ 320 ሺህ ገደማ ነበር፤ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ብቻውን ይበልጠዋል። ሦስቱ ባንኮቿ፣ ካውፕቲንግ፣ ላንድስባንኪና ግሊትኒር፣ አብጠው አብጠው ሀብታቸው የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት አሥር እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሦስቱም በአንድ ሳምንት ወደቁ። ሕዝቡ ድስትና መጥበሻ እየደበደበ አደባባይ ወጣ። በጃንዋሪ 2009 መንግሥት ወረደ። ሰው የሚያወራው ስለዚህ ነው። ድስት ግን ባለባንክ አያስርም።

ልዩ ዐቃቤ ሕግ ይሾም ተባለ። ማስታወቂያ ወጣ፤ የሚሆን አመልካች ጠፋ። ሁሉም በሚተዋወቅበት አገር ማን እጁን እሳት ውስጥ ይከታል? ቀኑ ተራዝሞ ኦላፉር ሃውክሰን የሚባል ሰው አመለከተ። አክራነስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ የፖሊስ ኃላፊ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ አብዛኞቹ አይስላንዶች እንደኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት። ሃውክሰን ማለት የሃውኩር ልጅ ነው። የስልክ ማውጫቸው እንኳን ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው።) በጥቂት ሰዎች ጀመረ፣ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ከመቶ ሰው በላይ ሆነ።

አንዱን መዝገብ ብቻ ላሳያችሁ። ካውፕቲንግ ሊወድቅ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ አንድ የኳታር ሼህ የባንኩን 5 ከመቶ አክሲዮን ገዙ ተብሎ በይፋ ተነገረ። በዚያ ጭንቅ መሃል ደስ የሚል ወሬ ነበር። የውጭ ባለሀብት ገንዘቡን ካስገባ ባንኩ ደህና ነው ማለት ነዋ! መርማሪዎቹ የብድር ወረቀቱንና ኢሜይሉን ሲያገላብጡ ግን ገንዘቡ የባንኩ የራሱ ሆኖ ተገኘ። በሌሎች ኩባንያዎች አዙሮ አበደረና የራሱን አክሲዮን አስገዛ። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ። ሼሁ አልተከሰሱም። አራት የባንኩ ሰዎች ተከሰሱ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው፣ የቦርድ ሊቀመንበሩ፣ የሉክሰምበርጉ ቅርንጫፍ ኃላፊና አንድ ትልቅ ባለአክሲዮን።

ይግባኙ በፌብሩዋሪ 2015 ተቋጨ። የሥራ አስፈጻሚው 5 ዓመት ከ6 ወር ጸና። የሊቀመንበሩ ከ5 ወደ 4 ወረደ። የቀሩት የሁለቱ ደግሞ ወደ 4 ዓመት ተኩል ከፍ አለ። የሕግ ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለአንዱ ቀነሰ፣ ለሌላው ጨመረ። ሕዝቡ እንደዚያ ተቆጥቶ ሳለ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ከዓመት ብዙም ሳይቆዩ ከወህኒ መውጣታቸው ብዙ ሰው አናዷል። እኔንም። ግን አሜሪካን እዩ፤ ኤችኤስቢሲ የተባለው ትልቅ የእንግሊዝ ባንክ ቁጥጥሩ ላልቶ የሜክሲኮ ዕፅ ነጋዴዎች ገንዘብ እንዳለፈበት አምኖ በ2012 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። በዚያ ጉዳይ አንድም የባንኩ ሰው አልታሰረም።

አሁን ስለ ራሴ። አያኮራም።

ብድር ክፍል ሳለሁ አንድ ዓርብ ከሰዓት አለቃዬ ፋይል ይዞ መጣ። መያዣው መጋዘን ነው። ግምቱን ያየ ሰው ግድግዳው ወርቅ ይመስለዋል። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀስሮ «ከላይ ነው» አለኝ። ከላይ ማን? አልጠየቅሁም። ልጆች ነበሩኝ፣ የቤት ኪራይ ነበረብኝ። ፈረምኩ።

ብድሩ ተበላሸ። ምርመራ ሲመጣ ፋይሉ ላይ የተገኘው የእኔ ስም ነው። የዚያ የላይኛው ሰው ፊርማ የለም፤ በስልክ ነዋ ያዘዘው። እኔ ደመወዝ ተቀጣሁ። እሱ ጡረታ ሲወጣ ሽኝት ተደረገለት፤ ለስጦታው እኔም አዋጥቻለሁ።

ስለዚህ «ከላይ ነው» ሲሏችሁ ጀግና ለመሆን አትሞክሩ፤ ጻፉ። ማን፣ መቼ፣ ምን አለ። «ዛሬ በስልክ በሰጡኝ ትእዛዝ መሠረት» ብላችሁ ማስታወሻ ላኩላቸው። ጨዋ አረፍተ ነገር ናት፤ ግን ብዙ ሰው እሷን አንብቦ ሐሳቡን ሲቀይር አይቻለሁ። ኮሚቴ ላይ ከሆናችሁ ልዩነታችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። የደንበኛ ሰነድ ግን ቤት አትውሰዱ፣ ቴሌግራም ላይም አትልቀቁ። ራሳችሁን ታስከስሳላችሁ፤ ተጠርጣሪውም ጠበቃ ቀጥሮ ወሬውን ወደ እናንተ ያዞረዋል።

ባለፈው ወር ከእናንተ አንዱ በምሽት ደወለልኝ። ያው ዓይነት ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ማስታወሻውን አብረን ጻፍን፤ አራት መስመር ናት። ጠዋት ላከው። ከሰዓት ቢሮ ሲመለስ ፋይሉ ከጠረጴዛው ተነስቷል። ማን እንዳነሳው እስካሁን የነገረው የለም። ማስታወሻው የደረሰበት ሰዓት ግን ኢሜይሉ ላይ አለ።