የአባቴ ካፖርትና የልጄ ሱሪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለልጄ ቅዳሜ ገበያ የዩኒፎርም ሱሪና ሹራብ ገዛሁ። ሱሪው ሁለት ወር ሳይሞላው መቀመጫው ላይ ተተረተረ። ሹራቡ በሦስተኛው እጥበት ትናንሽ ኳስ አወጣ። የአባቴ ካፖርት ግን እኔ ሳልወለድ ተሰፍቶ ዛሬም ይለበሳል። ዕቃ ምን ነካው? (እናት ከማራኪ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ሱሪ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ፒያሳ ላይ 31 ዓመት ሰፍቻለሁ። ስለምደው እንኳ ያናድደኛል፤ የሚጎዳው ሁልጊዜ ቆጥባ የገዛችው እናት ናትና።

ሱሪውን ገልብጪው። ከስፌቱ ወዲያ የቀረው ጨርቅ ግማሽ ሴንቲሜትር ይሞላል? እኔ ስማር በአንድ ሴንቲሜትር አራት አምስት ጊዜ መርፌ ይወርዳል ተብዬ ነው። አሁን በሚመጡልኝ ላይ ሦስት የማይሞላ እቆጥራለሁ። የመርፌው እርምጃ ሲረዝም መኪናው ቶሎ ይጨርሳል፣ ክርም ይተርፋል። በአንድ ሱሪ ኢምንት ነው፤ በመቶ ሺህ ሱሪ ግን ብዙ ገንዘብ ነው። እኛ ገበያ ላይ የምንከራከረው በዋጋ ነው። ነጋዴውም ፋብሪካውን በዋጋ ይከራከራል። ስለ ስፌት የሚከራከር የለም። ስለዚህ የሚቀነሰው ከማይታየው ቦታ ነው።

የሹራቡ ነገር ከክሩ ነው። ከአጭር ጭረት፣ ማለትም ከአጭር ቃጫ፣ የተፈተለ ክር ርካሽ ነው፤ ሲታሽ ጫፉ ይወጣና ይጠቀለላል። ጥጥ ብቻ ቢሆን ኳሱ ቶሎ ይረግፍ ነበር። ፖሊስተር ሲቀላቀልበት ጠንካራው ጭረት አንቆ ይይዘዋል።

ሆን ተብሎ ቶሎ እንዲያልቅ የተሠራ ዕቃም አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. አምፖል ሠሪዎች ጄኔቫ ላይ ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ ወደ 1000 ሰዓት አውርደዋል። በልብስ ግን የማየው የዋጋ ሽሚያውን ነው።

የአባትሽን ካፖርት በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። በዚያ ዘመን የተሰፋ መናኛ ልብስም ነበር፤ ጨርቁ አልቆ ወለል ተወልውሎበታል። የቀረው ደህናው ነው። ደግሞ ካፖርት ያኔ ብዙ ተቆጥቦ የሚሰፋ፣ ሲደበዝዝም ተገልብጦ እንደገና የሚሰፋ ነበር።

ከእንግዲህ ስትገዪ የመቀመጫውን ስፌት በሁለት እጅሽ ሳብ አድርጊው። ክሩ ከተገለጠ ተዪው። ሌላ ካጣሽ ግን ልጁ ሳይለብሰው ሰፊ ጋ ወስደሽ መቀመጫውን አስደግሚው። የተተረተረውንም አትጣዪ፤ ከውስጥ ጨርቅ ገብቶበት ይሰፋል፣ እስከ ሰኔ ያደርሰዋል።