የፋብሪካውን ደህንነት ለመገምገም መጀመሪያ የአደጋ መዝገቡን ጠይቂ

እህቴ፣ «አዲስ የገባሁበት የእንጨት ፋብሪካ የሥራ ደህንነቱን ገምግመሽ ሪፖርት አቅርቢ ብሎኛል፤ ከምን ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ብዙ ዓመት እንጨት ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ሄልሜትና ጓንት ከመቁጠር አትጀምሪ። ገምጋሚ መጣ ሲባል አዲስ ጓንት ከመጋዘን ይወጣል፣ ሲሄድ ይመለሳል። ለነገሩ ክብ መጋዝ ላይ ጓንት ራሱ አደጋ ነው። ጥርሱ ጨርቁን ከያዘ እጅን ይዞ ይገባል።

2. የአደጋ መዝገቡን ጠይቂ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር (የሥራ ቦታዎችን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት ቢሮ) ማሳወቅ አለበት። ባዶ መዝገብ ካሳዩሽ ደስ አይበልሽ። የሕመም ፈቃድ ፋይሉን አስወጪና አስተያዪው። ከዚያ አለቃ በሌለበት ሠራተኞቹን «መጨረሻ የተጎዳው ማነው?» በያቸው። ስሙን ሁሉም ያውቁታል።

3. የማሽኖቹን መከለያ አንድ በአንድ እዪ። እኛ ጋ አለቃው «ሥራ ያጓትታል» ብሎ የመጋዙን መከለያ አስፈትቶት ነበር። የብሎኖቹ ቀዳዳ በብናኝ ተደፍኖ ጠጥሮ ነበር፤ አንቺም መከለያው ከተፈታ ስንት ጊዜ እንደሆነው ቀዳዳውን አይተሽ ትገምቻለሽ። አንድ ልጅ አመሻሽ ላይ ሞራሌ ሲሰነጥቅ ሁለት ጣቱን አጣ። ድርጅቱ «የራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ብሎ እጁን ታጠበ። ውሸት ነው! ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ ካልጣሰ ወይም ሰክሮ ካልሠራ በቀር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ልጁ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላለው 6 ወር ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ሊከፈለው ይገባል።

ይህን ይዘን የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ቢሮ ሄድን። የተቀመጠው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «መዝገብ ላይ ከሌለ አደጋ የለም» አለን። ልጁ እኮ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ይዞ ፊቱ ቆሟል! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደግነቱ አደጋው የደረሰ ዕለት ማታ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፤ ሰዓቱን፣ የትኛው መጋዝ እንደሆነ፣ አጠገቡ የነበሩትን ሰዎች ስም። መከለያ የሌለውን መጋዝም በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። እሱን ይዘን ኃላፊው ጋ ገባን። ተቆጣጣሪ ተላከ፣ ልጁ ደመወዙን አገኘ፣ መከለያውም ተመልሶ ታሰረ። በዚህ እኮራለሁ።

4. ብናኙን እንዳትረሺ። ሳንባ ይጎዳል፣ በእሳትም ይቀጣጠላል። መምጠጫ ማሽኑ መሥራቱን፣ የእሳት ማጥፊያው ጊዜ አለማለፉን፣ የኋላው በር በሥራ ሰዓት አለመቆለፉን ራስሽ አረጋግጪ። በሩን ገፍተሽ ክፈቺው፤ «ቁልፉ ጥበቃ ጋ ነው» ካሉሽ ተቆልፏል ብለሽ ጻፊ።

ሪፖርቱን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። መከለያ የሌለውን ማሽን በፎቶ አያይዢ። የተቀበለሽ ሰው ባንቺ ቅጂ ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። «ግዴለም፣ ጠረጴዛው ላይ ተይው» ካለሽ ሳታስፈርሚው እንዳትወጪ።