ክዳኑን ሳትፈታ ቻርጅ አታድርግ

ሰሞኑን አንድ የሸዋ ሮቢት ልጅ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ውሃ ውስጥ የሚጎትተኝ ሞተር በፒቪሲ ቱቦ እየሠራሁ ነው። ባትሪውን ከቱቦው ሳላወጣ ቻርጅ ባደርገውስ?» ይላል። ላንጋኖ ወስዶ ሊሞክረው ነው። ሳነበው ሆዴ ተላወሰ።

እኔም በእሱ ዕድሜ ደብረ ብርሃን ላይ ይህንኑ ሠርቻለሁ። የራዲያተር ማራገቢያ ሞተርና የሞተር ሳይክል ባትሪ ነበረኝ። የሚያግዘኝ ጓደኛዬ የመንዝ ልጅ ነው፤ አባቱ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ፤ እሱም የሽመና መወርወሪያ ይዞ ያደገ። ውሃ እንዳይገባ ክዳኑን በጎማ ቀለበትና በግራሶ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ባትሪውን እዚያው ውስጥ እንዳለ ቻርጅ ላይ አሳደርኩት።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ክዳኑ ወደ ውጭ ትንሽ ተነፍቷል። አየሁት እኮ! ግን የምንሞክርበት በርሜል ውሃ ተሞልቶ እየጠበቀኝ ነው፣ ቸኮልኩ። «ያዝልኝ» አልኩት። ማብሪያውን ስጫን ድው አለ። ክዳኑ ተፈናጥሮ የቀኝ አውራ ጣቱን መታው። አጥንቱ ገጠመ፣ ጣቱ ግን መወርወሪያ መያዝ እምቢ አለ። እኔ እንቀጠቀጥ ስለነበር እናቱ ባና ደረቡልኝ፤ ልጃቸውን ለጎዳሁት ለእኔ። ክዳኑ ተነፍቶ ማየቴን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

የአሲድ ባትሪ ሊሞላ ሲል ውስጡ ያለው ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሆኖ ይወጣል። ሃይድሮጅኑ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፣ ማብሪያውም የሞተሩ ካርቦንም ብልጭ ይላሉ። ስለዚህ ባትሪው ወጥቶ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ነው ቻርጅ የሚደረገው። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ አይታችሁ ትነሣላችሁ፤ የፈነዳበትን ግን ማን ይለጥፋል? ይህ ልጅ መጠየቁ ደስ ብሎኛል።

የአሲድ ባትሪ አትንኩ ልላችሁ ነበር። ግን ዛሬ ብሠራ እኔው ራሴ እሱን ነው የምጠቀመው፤ ሊቲየም ውሃ ከገባበት እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ክብደቱንም አስብበት። 16 ሴንቲ ውፍረትና 60 ሴንቲ ርዝመት ያለው ቱቦ 12 ሊትር ያህል ውሃ ይገፋል፤ ጠቅላላው ወደ 12 ኪሎ ካልተጠጋ ወደ ላይ እየጎተተ ያስቸግርሃል።

ልጄ፣ ዛሬ ማታ ክዳኑን ፈተህ አሳድረው። ነገ ፎቶ ላክልኝ፣ ማብሪያውን የት እንዳስቀመጥከው ልየው። እኔም ነገ መንዝ እደውላለሁ።