ልጄ ጓደኛዋን አፈቀረች፤ ተረግማለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው በጎጃም በምትገኝ አነስተኛ የወረዳ ከተማ ነው። የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገችና የመዝሙር ክፍል አባል ናት። በቅርቡ ደብተሯን ሳነሣ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ስለ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ የጻፈችውን አነበብሁ። ቀንና ሌሊት እንደምታስባት፣ ከሌላ ሰው ጋር ስትሥቅ ስታያት ልቧ እንደሚቆስል፣ ማተባቸውንም ተለዋውጠው እንዳሰሩ ጽፋለች። ስጠይቃት አልካደችኝም፤ «ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም» ብላ አለቀሰች። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው እንደሌለ ነግራኛለች፤ እኔም አምኛታለሁ። ጨንቆኝ ለወንድሜ ባማክረው «መንፈስ ነው፤ ሩቅ ፀበል ወስደን እናስቀምጣት» አለ። ባለቤቴ ደግሞ «ትዳር ስትይዝ ትረሳዋለች» ይላል። አሁን ወሬው ሰንበት ትምህርት ቤቱ ደርሶ ሁለቱም ከመዝሙር ክፍል ይውጡ እየተባለ ነው። ልጄ ተረግማለች? መቁረብስ ትችላለች? ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ እኅታችን፣ ልጅዎ አልተረገመችም። ይህን ከሁሉ የማስቀድመው የጥያቄዎ ሁሉ ሥር ይህ ፍርሃት ስለሆነ ነው። በ80 ቀኗ ተጠምቃ ቅብዐ ሜሮን የተቀባች፣ የእግዚአብሔር ልጅነትን ያገኘች ናት፤ ልቧ እርሷም ሆነች እርስዎ ወዳልጠበቃችሁት ስላዘነበለ ይህ ልጅነት አይፋቅም።

ቤተ ክርስቲያናችን በዘፍጥረት 2፥24 እንደተጻፈው ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት መሆኑን፣ ከዚህም ውጭ የሚፈጸም ሩካቤ ኃጢአት መሆኑን ታስተምራለች። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 1 የተናገረውንም ያውቁታል። ይህን ሸፍኜ ላጽናናዎ አልፈልግም። ይሁን እንጂ ያው ሐዋርያ ወዲያው በምዕራፍ 2 መጀመሪያ ላይ በሌላው የሚፈርድ ሰው ሁሉ የሚያመካኘው እንደሌለው ይናገራል፤ ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። ትምህርቱም የሚመለከተው ድርጊትን ሲሆን በልጅዎ ደብተር ላይ የሰፈረው ግን ናፍቆት ነው። አንድ ጎልማሳ አንዲትን ተማሪ ልጅ አስረግዞ ሲሸሽ ነገሩን በሽምግልና አለሳልሶ የሚያልፍ ሰፈር፣ ደብተር ላይ በተጻፈ ናፍቆት ግን ሰማይ የተደፋበት ያህል ሲሸበር አይቻለሁ፤ ይህ ሚዛን የወንጌል ሚዛን እንዳልሆነ በግልጽ መናገር ይኖርብኛል።

አበው ወደ ልብ በሚመጣ አሳብና ሰው ፈቅዶ በሚያደርገው ነገር መካከል ሁልጊዜ ልዩነት ያደርጋሉ። ሐዋርያው ያዕቆብም ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን እንደምትወልድ ሲናገር (ያዕ. 1፥15) ሳይጠራ የመጣውን ስሜት ሁሉ ኃጢአት ብሎ አልጠራም። በግብፅ ገዳማውያን ዘንድ የሚተረክ አንድ ታሪክ ለእርስዎ ቤት የተጻፈ ይመስለኛል። አንድ ወጣት መነኩሴ የሥጋ አሳብ ቢያስጨንቀው ሄዶ ልቡን ለአንድ አረጋዊ ገለጠ። አረጋዊው ግን እንዲህ ያለ አሳብ ያለበት ሰው ለምንኩስና ስም አይገባም ብሎ ገሠጸው። ወጣቱ ተስፋ ቆርጦ ገዳሙን ትቶ ወደ ዓለም ሲመለስ አባ አጶሎ የተባሉ አባት በመንገድ አገኙት፤ ፊቱ መጥቆሩን አይተው ጠየቁት፤ ሁሉንም ሲነግራቸው «እኔም በዚህ ሽምግልናዬ በዚሁ አሳብ እፈተናለሁ፤ ለዛሬ ብቻ ታገሠኝና ተመለስ» አሉት። ከዚያም በዚያ አረጋዊ በኣት አጠገብ ቆመው ፈተናው ወደ እርሱ እንዲዞር ጸለዩ፤ አረጋዊውም ወጣቱ በሄደበት በዚያው መንገድ እንደ ሰከረ ሰው ሲሮጥ ተገኘ። አባ አጶሎም በልጆች ትግል መራራትን እንዲማር መክረው መለሱት። ልብ ይበሉ፤ ወጣቱን ከገዳሙ ያስወጣው ፈተናው አይደለም፤ ልቡን በከፈተበት ሰዓት የሰማው ቃል ነው። ልጅዎ ሳትክድ እያለቀሰች የነገረችዎት ያ ሰዓት ለእርስዎም እንዲህ ያለ ሰዓት ነበርና እስካሁን ያመረረ ቃል ወጥቶዎት ከሆነ ዛሬውኑ ይመልሱት።

በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ፍቅር ኃይለኛ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም የዮናታን ነፍስ በዳዊት ነፍስ እንደታሰረች፣ ዮናታንም የለበሰውን ካባ አውልቆ እንደሰጠው ሳያፍር ይተርካል (1ኛ ሳሙ. 18፥1-4)። ልጅዎ ያለባት ስሜት ከዚህ ጋር አንድ ነው ብዬ ነገሩን ላቃልለው አልፈልግም፤ እርሷ ራሷ ከጓደኝነት የተለየ ነው ብላዎት ከሆነ ይመኗት። ለአንዳንድ ልጆች ይህ ከዕድሜ ጋር ያልፋል፤ ለሌሎች አያልፍም፤ ረጅም የሕይወት መስቀል ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ «ካለፈላት ልጄ ናት፤ ካላለፈላት አይደለችም» የሚል ሚዛን በልብዎ ውስጥ እንዳይቀመጥ ይጠንቀቁ፤ ልጆች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታልና።

አሁን አጥብቄ ወደምናገረው ልምጣ። ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ የኋሊት ሄደው፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፈኑ (ዘፍ. 9፥22-23)። ካም የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። በደሉ ግን መሸፈን ሲገባው ማውራቱ ነው። በትንሽ ከተማ ይህ በደል በአንድ ቀን የብዙ ሰው በደል ይሆናል፤ በወፍጮ ቤት የተነገረ ነገር በሰዓታት ውስጥ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሰማል፤ ልጅቱም ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ አጥቢያ የላትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ወሬ ግን ድርጊትንና ናፍቆትን ስለማይለይ ልጆቹን ለዱላም ለክስም ሊያጋልጣቸው ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎን ለብቻው ጠርተው ከእንግዲህ ለማንም አንድ ቃል እንዳይናገር በእግዚአብሔር ስም ይለምኑት። ደብተሩን ለልጅዎ ይመልሱላትና ያለ ፈቃዷ ማንበብዎ እንዳሳዘናት እንደሚያውቁ ይንገሯት። በአንገቷ ያለውን ማተብ በቁጣ አይበጥሱባት፤ ከማንም እጅ ብትቀበለው የክርስትናዋ ምልክት ነው። ወደ ጓደኛዋም ቤት «ልጄን አበላሻችሁብኝ» እያሉ አይሂዱ። ያችም የአንዲት እናት ልጅ ናት፤ አባቷ ቁጡ ይሁን ታጋሽ አያውቁምና በእርስዎ አንድ ንግግር ምክንያት በዚያ ቤት ውስጥ የሚደርስባት ጉዳት በእርስዎም ላይ ይጠየቃል።

ስለ ፀበል ጠይቀዋል። ፀበል በረከት ነው፤ ቅጣት አይደለም። ልጅዎ ወድዳ ከእርስዎ ጋር ብትጠመቅ፣ እምነት ብትቀባ መልካም ነው። ያለ ፈቃዷ ከትምህርቷ አቋርጦ፣ ከእናቷ አርቆ፣ በማታውቀው ሰው ጥበቃ ሥር ማስቀመጥ ግን «አጋንንት አለብሽ» የሚል ፍርድ በጨቅላ ልቧ ላይ ማተም ነው። ያልታዘዘውን ስሜት ሁሉ በአጋንንት ማሳበብ ልማድ ሆኖብናል፤ እውነተኛ የፀበል አባቶች ግን ማንንም ሳይጠይቁና ሳይመረምሩ መንፈስ አለበት አይሉም። በፀበል ስም ልጅን ማሰር ወይም መግረፍ ደግሞ የፀበሉን ባለቤት ማሳዘን ነው።

ትዳርን በተመለከተ ለባለቤትዎ የምመልሰው አጭር ነው። የአገራችን ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ቤተ ክርስቲያንም የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ የሌለበትን ጋብቻ አትባርክም። ልቧ ወደ ወንድ ያላዘነበለን ልጅ ለአንድ ወጣት መስጠት ሁለት ሰው መበደል ነው፤ ያ ወጣት የፈለገው የምትወድደውን ሚስት ነው እንጂ መድኃኒት ልሁን ብሎ አልጠየቀም።

ከዚህ ይልቅ ንስሐ አባት ያስፈልጓታል። የቤተሰቡ ንስሐ አባት በየበዓሉ እቤት ስለሚመጡና ሁላችሁንም ስለሚያውቁ ለእርሳቸው መናገር ከከበዳት በእርሳቸው ፈቃድ ወደ ሌላ አባት መሄድ ትችላለች፤ ምክንያቱን መዘርዘር አይጠበቅባትም። በኑዛዜ የሰማውን የሚያወጣ ካህን ከክህነቱ እንደሚሻር ይህንንም ይንገሯት፤ ይህን ማወቅ አንደበቷን ይፈታላታል። መቁረቧን በተመለከተም የሚወስኑት እኒሁ አባት ናቸው፤ ይሁን እንጂ በነገሩኝ ነገር ውስጥ ከሥጋ ወደሙ የሚያርቃት አላየሁም። በአገራችን ልጆች እስኪጎረምሱ ድረስ ቆርበው ልክ ብርታት በሚያሻቸው ዕድሜ ከቅዱስ ቁርባን መራቃቸው ዘወትር ያሳዝነኛል፤ ልጅዎም በዚህ ፈተና ሰበብ እንድትርቅ አልፈልግም።

ሌላም ብርቱ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ኀፍረት የደረሰበት ልጅ መኖሩን ሊጠላ ይችላል። ምግብ ከተወች፣ ከሰው ከራቀች፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ብቻዋን አይተዋት፤ በቤት ውስጥ ያለውን የእህልና የከብት መድኃኒት አርቀው ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማነስ አይደለም። ሐዋርያው አባቶችን «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» (ቆላ. 3፥21) ያለው ልብ መዛል ወዴት እንደሚያደርስ ስለሚያውቅ ነው፤ ይህን ጥቅስ ለባለቤትዎ አብራችሁ ስትቀመጡ ያንብቡላቸው።

የመዝሙር ክፍሉን ጉዳይ በተመለከተ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራሮች የምለው አለኝ። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ብሎ ሥርዓቱን በማቴዎስ 18፥15 አስቀምጧል፤ ይህ ሳይሆን በሰማችሁት ወሬ ሁለት ልጆችን ከዘማርያን መካከል ማስወጣት በአደባባይ መፍረድ ነው፤ ልጆቹም የሠሩት በደል እንኳ አልተነገራችሁም። የሰዶምን ስም እየጠራችሁ የምትናገሩ ካላችሁ ነቢዩ ሕዝቅኤል የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የችግረኛውን እጅ አለማበርታትን እንደቆጠረ አንብቡ (ሕዝ. 16፥49)፤ በእነዚህ ልጆች ላይ የተነሣነው እኛ ከዚህ ንጹሕ መሆናችንን እንመርምር። እርስዎም፣ እኅቴ፣ ሰብሳቢውን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፤ ልጅዎ እስከፈለገች ድረስ በመዝሙሩ እንድትቀጥል፣ ለጥቂት ጊዜ ማረፍ ብትፈልግም ምክንያቱ እንዳትጠየቅ ይጠይቁ። ነገሩ በስብሰባ እንዳይነሣ፣ በቃለ ጉባኤም እንዳይሰፍር አጥብቀው ይለምኗቸው፤ ቃለ ጉባኤ ከአንዱ አመራር ወደ ሌላው ይተላለፋልና ልጆቹ አድገው ቤት ከመሠረቱ በኋላ እንኳ ሌላ ሰው ገልጦ ሊያነብባቸው ይችላል።