ማዕተቡን አውልቆ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ለተወው ልጅ እናት

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ነርሲንግ ሆም እሰራለሁ፣ ሺፍቴ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ነው። ልጆቼን በ40 በ80 ቀናቸው ክርስትና አስነስቼ፣ እሁድ እሁድ ከስራ ወጥቼ ሳልተኛ ቤተክርስቲያን እየወሰድኩ ነው ያሳደኳቸው። ትልቁ አሁን 19 አመቱ ነው፣ ኮሌጅ ገብቷል። ለገና እረፍት መጣና ማዕተቡን አውልቆ ኪችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ማሚ እኔ አላምንም፣ ይቅርታ» አለኝ። ከዛ ወዲህ በየቀኑ በቴሌግራም ስብከት እልክለታለሁ፣ ያየዋል ግን መልስ የለም። እህቴ ደሞ «ስራ ስራ ስትዪ ነው ልጁን ያጣሽው» ትለኛለች። እውነት ጥፋቱ የኔ ነው? ልጫነው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ የእህትሽን ነገር እንዝጋው። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ ጠዋት ልጆቿን ይዛ ቅዳሴ የምትቆም እናት ልጇን ለስራ ሰጠች አይባልም፣ ካላመነች እስቲ እሷ አንድ ወር ትሞክረው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ትዝ ያለችኝ የታዋቂው የጥንት የቤተክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ናት። በዛሬዋ አልጄሪያ ታጋስቴ የምትባል ከተማ የኖረች ሴት ናት፣ ባሏ ቁጡ፣ የተጠመቀውም እድሜው ሊያልቅ ሲል ነው። ልጇ እ.ኤ.አ. በ354 ተወለደ፣ ጭንቅላት የነበረው ልጅ ነው፣ ለትምህርት ካርታጎ ሄደና ልክ ያንቺን ልጅ እድሜ ሲሆን፣ በ19 አመቱ ገደማ፣ ማኒ የሚባል ሰው የመሰረተው ሌላ ሃይማኖት ተከታዮች ጋር ገባ፣ 9 አመትም እዛው ቆየ። ሞኒካ መጀመሪያ ምን አደረገች መሰለሽ፣ ከቤቷም ከማዕዷም ከለከለችው! መልሳ አብሯት እንዲበላ የፈቀደችው በህልሟ ልጇ እሷ ያለችበት ቦታ አጠገቧ ቆሞ ካየችው በኋላ ነው።

ከዛ አንድ ጳጳስ ጋ ሄዳ «እባክህ ተከራከርልኝ፣ አሳምንልኝ» አለችው። እምቢ አለ። አሁን ልቡ አብጧል አይሰማም፣ ተዪው፣ ዝም ብለሽ ለምኚለት፣ እያነበበ ራሱ ይደርስበታል አላት። ጳጳሱ ለካ እሱ ራሱ ልጅ እያለ እናቱ ተታላ ለነዛው ለማኒ ሰዎች ሰጥታው ነበር፣ መፅሐፋቸውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አንብቦ ገልብጦ ማንም ሳይከራከረው ነው ጥሎ የወጣው። እሷ ግን እያለቀሰች ስትጨቀጭቀው ሰለቸውና «ሂጂ በቃ፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ አይጠፋም» አላት። ይቺን የመጨረሻዋን መድረክ ላይ ሁሉም ይሰብካታል፣ ከሷ በፊት ያለውን «ተዪው» ግን የሚያነሳ ብዙም አልሰማሁም።

ስለዚህ የቴሌግራሙን ስብከት አቁሚ። ልተወው ወይ ላልሽው ግን፣ ልጁን ሳይሆን ጭቅጭቁን ነው የምትተዪው። አውግስጢኖስ በዛው በ19 አመቱ የጥንቱን ሮማዊ ፀሐፊ የሲሴሮን ፍልስፍና አንብቦ ልቡ ነዶ ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ ቅር አለው፣ የክርስቶስ ስም የለበትም፣ ያን ስም ደሞ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት ብሎ በኋላ ራሱ ፅፏል። ይሄ እንግዲህ እናቱ እምነት ጠፍቶበታል ብላ ከማዕዷ ልትከለክለው በተቃረበችበት ሰሞን ነው።

ልጅሽም እንቅልፍ አጥተሽ ስትቆሚ አይቷል፣ እሱን ማንም አያወልቅለትም። ሲመጣ ውዳሴ ማርያምሽን እንደወትሮው ድገሚ፣ እሱ እንዲሰማ ብለሽ ግን ድምፅ አትጨምሪ (ልጆች ይሄ ቶሎ ይገባቸዋል)። አርብ ከሆነ አንቺ ሽሮሽን ብዪ፣ እሱ ፒዛ ካዘዘም ይዘዝ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ብሉ። ምን እያነበበ እንደሆነ ጠይቂው፣ መልስ ለመስጠት ሳይሆን ለመስማት። ቅዳሴው ቋንቋው ከብዶት ከነበረ ደሞ በእንግሊዝኛ የሚቀድሱ አባት ካሉ አፈላልጊና ስልካቸውን ያዢ፣ ሲጠይቅሽ ትሰጪዋለሽ። ማዕተቡን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪለት።

ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። አውግስጢኖስ ሮም ሲሄድ እንኳ እናቱን ዋሽቶ በሌሊት በመርከብ ነው የጠፋት፣ ሚላን ድረስ ተከትላው ሄዳ እ.ኤ.አ. በ387 ፋሲካ በከተማዋ ጳጳስ በአምብሮስ እጅ ሲጠመቅ አየች፣ በዛው አመት በ56 አመቷ ሮም አጠገብ ባለችው ወደብ ኦስትያ ላይ አረፈች። ከሀገሯ ርቃ ነው የሞተችው፣ ሬሳዬን የትም ቅበሩት፣ በጌታ መሠዊያ ፊት ብቻ አስቡኝ ነው ያለቻቸው። አስከሬን ሀገር ቤት ይሂድ አይሂድ እያልን ስንጨቃጨቅ ለምንውል ለኛም ትሆናለች።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቤተክርስቲያን አይሄድም፣ አይቃወመኝም ግን አያግዘኝም። የ6 አመት ልጄን ብቻዬን ባስተምር ዋጋ አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለው። የጢሞቴዎስ እናት አይሁዳዊት ነበረች፣ አባቱ ግን ግሪካዊ ነበር፣ ልጁ እስኪያድግ እንኳ አልተገረዘም፣ ማለትም በዚህ ነገር የእናትየው ወግ አልተፈፀመም። እንደዛም ሆኖ ከህፃንነቱ ቅዱሳት መፃሕፍትን አውቋል ይለዋል ጳውሎስ፣ ሲፅፍለትም የሚያነሳው የእናቱን የኤውንቄንና የአያቱን የሎይድን እምነት ነው። አባቱን አታሳጪበት፣ ማታ ስትፀልዪ አጠገብሽ ይቁም፣ አያቱ ካለች ደሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ጋ ይደር።